ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ ሰፍቼ ለአረጋውያን ልሰጥ ነው፣ እናቴ ግን «ድሪቶ» ትለኛለች

የጉለሌዋ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ቤቴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ትልቅ ነገር አይደለም፣ የሰፈር ሥራ ነው። ዩኒፎርም፣ የቤት ቀሚስ፣ መጋረጃ፣ ዚፕ መቀየር። እታች አስፋልቱ ጋ ደግሞ አንድ ልብስ ሰፊ አለ፣ ብጣሹን በማዳበሪያ እየሞላ በየሳምንቱ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ያወጣ ነበር። አንድ ቀን ሳልፍ ከማዳበሪያው አፍ ብርቱካናማ ፖፕሊን ብቅ ብሎ አየሁ። አዲስ ነው፣ ውሃ አልነካውም። አንጀቴን በላው። ለመንኩት፣ ሰጠኝ። አሁን አልጋዬ ሥር ሦስት ማዳበሪያ አለ፣ ባለቤቴ እግሩን በመታው ቁጥር ይራገማል።

መጀመሪያ ፈረንጆቹ ኩዊልት የሚሉትን ዩቲዩብ ላይ አየሁና ለልጄ ትንሽዬ ሰፋሁላት። የብስኩት ካርቶን ቆርጬ በእሱ ልክ ጨርቁን ቀደድኩ፣ ገጣጠምኩ፣ ከሥር ገበር አደረግኩለት። ለማጠብ እንኳን አታስነካኝም። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። እኛ ሰፈር አካባቢ የአረጋውያን መርጃ አለ፣ የእንጦጦን ብርድ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ሰባት ስምንት ብርድ ልብስ ብሰፋላቸው አልኩ።

ለእናቴ ነገርኳት። ቡናዋን አስቀመጠችና «ለተቸገረ ሰው ድሪቶ ልትሰጪ ነው? ድህነቱ አንሶት ነው ደግሞ የምታለብሺው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ምን እላለሁ? እሷ እራፊ በእራፊ ላይ የተጣፈበት ልብስ ለብሳ ነው ያደገችው። ለእሷ ብዙ ቀለም ያለው ጨርቅ ማለት ያጣ ሰው ልብስ ነው።

እልህ ያዘኝና ሁለተኛውን የትልቅ ሰው አልጋ ልክ ሰፋሁ። ጂንሱንም፣ ካኪውንም፣ ቲሸርቱንም አንድ ላይ ገጠምኩት፣ መሃሉ አሮጌ ብርድ ልብስ ከተትኩበት። ሳነሳው በር ነው! ሲታጠብ ቀዩ ለቀቀና ነጩን ሁሉ ሮዝ አደረገው። የቲሸርቱ ቦታ ተለጥጦ እንደ ጆንያ ተንጠለጠለ። እስኪደርቅ አራት ቀን። እናቴ ገመዱ ላይ ተሰቅሎ አየችው፣ ምንም አላለችም፣ ባትል ነው የባሰው።

እስቲ የሚያውቅ ይንገረኝ። ጨርቁን እንዴት ልለይ? መሃሉ ምን ይግባ? ቀለሙስ እንዴት ነው የሚያምረው? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እናቴ ልክ ናት ወይ?


ሰፊው ከመርካቶ

እህቴ፣ 22 ዓመት መርፌ ላይ ነኝ፣ ስለ እናትሽ ሌሎች ይናገሩ፣ እኔ ስለ ጨርቁ ልንገርሽ።

ስህተትሽ አንድ ነው፣ የማይዋደዱ ሰዎችን አንድ ክፍል አስገብተሻል። ጨርቅ መጀመሪያ በባሕርይው ነው የሚለየው፣ ቀለሙ በኋላ ይደረሳል። ቲሸርትና ጀርሲ የሚለጠጥ ስለሆነ ከፖፕሊን ጋር አይሰፋም፣ ለብቻው አስቀምጪው፣ ወይም ለወለል መወልወያ ስጪው። ጂንስና ካኪ ለብቻው ጥሩ ነገር ይወጣዋል፣ ግን መሃሉ ምንም አታስገቢ፣ ከሥር ገበር ይበቃዋል። መርፌውም 16 ቁጥር ይሁን፣ በ14 ከሄድሽበት መገጣጠሚያው ላይ ሲደርስ ቀጭ ይልብሻል። ፖፕሊን፣ የሸሚዝ ጨርቅ፣ የቀሚስ ጥጥ፣ እነዚህ አንድ ቤተሰብ ናቸው።

ቀለም መልቀቅን በተመለከተ ሳትቆርጪ በፊት እጠቢ። ብጣሽ ብቻውን ሲታጠብ ጠርዙ ይተረተርና ክሩ ኳስ ይሆንብሻል፣ ስለዚህ አሮጌ የትራስ ልብስ ውስጥ ጨምረሽ አፉን እሰሪውና እጠቢው። ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊና ወይን ጠጅ ካለ እርጥቡን ነጭ ጨርቅ ላይ አድርገሽ በካውያ ጫን አድርጊው። ነጩ ላይ ማኅተም ከተወ ያ ቁራጭ ወይ ደግሞ ይታጠባል ወይ ይጣላል። ማዘን የለም።

አራት ማዕዘን ብቻ ካልሽ ደግሞ ግማሹን ትጥይዋለሽ። ከኛ ሱቅ የሚወጣው ብጣሽ ወርዱ ሰባት ስምንት ሴንቲ የሚሆን ረጅም ቅጥ የሌለው ነገር ነው፣ የእጅጌ ቅስት፣ የአንገት ግማሽ ጨረቃ፣ የጎን ቅሪት። እሱን እንዲህ አድርጊው። አሮጌ አንሶላ 27 በ27 ሴንቲ ቁረጪ። መሃሉ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ቁራጭ አጋድሚ። ሁለተኛውን ፊቱን ወደ ውስጥ አድርገሽ በላዩ ላይ አስቀምጪ፣ በአንድ ጠርዝ ስፊ፣ ገልብጪ፣ ተኩሺ። ሦስተኛውን እንደዚያው። አንሶላው ሲሸፈን ገልብጠሽ ትርፉን በአንሶላው ልክ ትቆርጫለሽ። የፈለገ ጠማማ ይሁን፣ ሲያልቅ 27 በ27 ነው። በየጎኑ አንድ አንድ ሴንቲ ለስፌት ሲሄድ 25 ይቀራል። ስድስት በስምንት ስትደረድሪው 48 ቁራጭ፣ 150 በ200። ሙሉ ብርድ ልብስ።

የመሃሉን ማጋደሚያ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ቀለም አድርጊው። ሁሉም ላይ ጥቁር ሰማያዊ ካለ፣ ወይም ሁሉም ላይ ቢጫ፣ ሌላው የፈለገውን ቢሆን ዓይን አይበትንም። አቅጣጫውን እያፈራረቅሽ ስትገጥሚው ሰያፉ ተገናኝቶ ትልልቅ ዳይመንድ ይሠራል። ያኔ ማንም ድሪቶ አይልሽም። (ይኸው ስለ እናትሽ ተናገርኩ።)

አንድ ነገር ረሳሁ። የሽሮ ሜዳ ጥበብ ቁራጭ ካገኘሽ የሽመና ጨርቅ ነውና ቶሎ ይተረተራል፣ ጠርዙን ዚግዛግ ምቺው። የሚያብለጨልጭ ክር ያለበትን ግን ለብርድ ልብስ አታድርጊው፣ የሰው ቆዳ ይቧጥጣል።


እውነቱን ልናገር

ቅር አይበልሽና እኔ አልገባኝም። አንድ ሰው ሳምንት ሙሉ ተቀምጦ ከቁርጥራጭ ብርድ ልብስ ይሰፋል፣ መርካቶ ደግሞ የተሠራ ብርድ ልብስ ተቆልሏል። ጊዜሽ ገንዘብ አይደለም ወይ? ክር አለ፣ መብራት አለ፣ ገበር አለ። ያንን ቀን ዩኒፎርም ሰፍተሽበት ገንዘቡን ብትሰጪ የተሻለ ይጠቅማቸዋል። መርጃው የሚፈልገው ዳይፐር፣ ሳሙናና መድኃኒት ነው፣ ጌጥ አይደለም። እናትሽም የምትለው ይሄንኑ ይመስለኛል።


የጉለሌዋ

@እውነቱን ልናገር ቅር አላለኝም፣ ስሌቱ እኮ ልክ ነው። ግን ዩኒፎርም የሚመጣው ነሐሴና መስከረም ነው። ያኔ እንቅልፍም የለኝም። ሚያዝያ ላይ ማሽኔ ቆሞ ነው የሚውለው፣ ጨርቁም የሚጣል ነው። የሌለኝን ገንዘብ ከየት ላምጣ? ያለኝ እጅና ብጣሽ ነው።

@ሰፊው ከመርካቶ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የአንሶላውን ነገር ዛሬ ማታ እሞክራለሁ።


ቅዳሜ ቅዳሜ

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አረጋውያን መርጃ ሄጄ አጥባለሁ። በጎ ፈቃደኛ ነኝ፣ ብዙ ጊዜ የልብስ ማጠቢያው ጋ ነው የምመደበው። ስለዚህ ብርድ ልብስን የማየው ከታጠበ በኋላ እንዴት እንደሚሆን ነው፣ ማማሩን ሌላ ሰው ይየው።

እህቴ፣ አንቺ ያልሽው አራት ቀን ለመድረቅ የፈጀው ነገር እኛ ጋ ቢመጣ አንድ ክረምት አይቆይም። አልጋ ላይ የሚያመልጣቸው ሰዎች አሉ፣ የአንዳንዱ ሰው በቀን ሁለቴ ይቀየራል። ሐምሌ ላይ ፀሐይ የለም። ወፍራም ነገር ሳይደርቅ ይሸትታል፣ ከዚያ ይጣላል። ወፍራም አንድ ከምትሠሪ ቀጫጭን ሁለት ሥሪ። ከላይ የጥጥ ቁርጥራጭ፣ ከሥር አቡጀዲ፣ በቃ። ሲበርዳቸው ይደረባል፣ ሲቆሽሽ አንዱ ይታጠባል።

ቁልፍ፣ ዶቃ፣ ሪባን የሚባል ነገር እንዳይኖርበት። አእምሮአቸው የደከመ ሰዎች ይነቅሉታል፣ አፋቸው ውስጥም ይከቱታል። ጠርዙ ላይ የተንጠለጠለ ክርም አይኑር። ወንበር ላይ ለሚውሉት ደግሞ ሙሉ ብርድ ልብስ አይሆንም፣ መሬት ይጎተትና ጎማ ውስጥ ይገባል። ለእነሱ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ከሃያ ይበቃል፣ ጭን ላይ ጣል የሚደረግ።

ሌላው ነገር፣ ከዚህ በፊት ሰው ያላሰበበት፣ እንደ መቄዶንያ ሺዎች የሚኖሩበት ቦታና 20 ሰው ያለበት የሰፈር መርጃ አንድ አይደሉም። ትንሹ ቦታ ላይ ሁሉም ይተያያል። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት አልጋ ካለ ስድስት አምጪ፣ አምስት ካደረስሽ ስድስተኛው እስኪያልቅ ጠብቂ። አንድ ጊዜ አንድ የሚያምር ጋቢ ለአንዲት እናት ተሰጣቸው፣ ሳምንት ሙሉ ክፍሉ ውስጥ ኩርፊያ ነበር። ሽማግሌ ደግሞ ሲያኮርፍ እንደ ልጅ ነው፣ ምሳ አልበላም ይላል።

@እውነቱን ልናገር ዳይፐርና ሳሙና ያልከው እውነት ነው፣ እሱን ማንም አይክድም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ አንድ አባት አሉን። ዓይናቸው አያይም አሁን። አንድ ሰው ከካኪና ከሱፍ ቁርጥራጭ የተሰፋ የጭን ልብስ አምጥቶ ሰጣቸው፣ መጀመሪያ ወስደው አጠፉት። ከዚያ በጣታቸው መዳሰስ ጀመሩ። «ይሄ የሱሪ ሱፍ ነው። ይሄ ካኪ ነው፣ ድሮ ለዘበኛ የምንሰፋው። ይሄ ማነው የሰፋው? ስፌቱ ጠማማ ነው!» ሳቅን። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ጠማማዋን ስፌት ያስዳስሱታል። የመርካቶውን ብርድ ልብስ እኮ አይዳስሱትም።

እና ከመስፋትሽ በፊት ሂጂና ጠይቂ። ስልክ አትደውይ፣ ሂጂ። አልጋውን ለኪ፣ አጣቢዋን አነጋግሪ፣ ኃላፊው ሁሉን ነገር «ደስ ይለናል» ነው የሚልሽ።


በረዶ ሰለቸኝ (ሚኒሶታ)

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ የኔም እናት እዚህ መጥታ አንድ ዓመት ስትቆይ እንደዚሁ ነበር ያለችኝ።

እኔ ሴንት ፖል ነው የምኖረው። ሰፈሬ ያለች የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ሰብሰብ ብለው ኩዊልት የሚሠሩ አሮጊቶች አሉ፣ ሥራ በሌለኝ ጊዜ ገባሁባቸው፣ ወጥቼ አላውቅም። የሚሠሩት ሉተራን ወርልድ ሪሊፍ ለሚባለው ድርጅት ነው፣ እሱ ወደ ውጭ አገር ችግር ላለባቸው ሰዎች ይልከዋል። ልኩ ቁርጥ ያለ ነው፣ 60 በ80 ኢንች፣ በኛ 152 በ203 ሴንቲ ገደማ። ሌላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ኮሎራዶ ውስጥ የተጀመረ ፕሮጀክት ላይነስ የሚባል አለ፣ እሱ ለታመሙና ክፉ ነገር ለደረሰባቸው ሕፃናት ነው።

ከአሮጊቶቹ የተማርኩትን ላካፍልሽ። ሦስቱን ድርብ በማሽን አይሰፉትም፣ ይቋጥሩታል። ላዩን፣ መሃሉንና ገበሩን ጠረጴዛ ላይ ወጥረው፣ ወፍራም የጥጥ ክር በትልቅ መርፌ አስገብተው፣ አራቱ ቁራጮች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ወደ ታች ወግተው ወደ ላይ ያወጡና ሁለቴ ይቋጥራሉ፣ ጫፉን ሁለት ሴንቲ ትተው ይቆርጣሉ። በየ15 ሴንቲው አንድ ቋጠሮ። መሃሉ ላይ የሚገባው ብዙ ጊዜ ያረጀ ስስ ብርድ ልብስ ነው። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ያለችው ልክ ናት፣ ማድረቂያ ማሽን በሌለበት ሁለት ድርብ ብቻ ይሻላል። እሱንም ቢሆን ቋጥሪው፣ ላይና ታቹ ሲታጠብ እንዳይሸሽ።

የእናትሽን ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል የገጠር መንደር አለ፣ በወንዝ መታጠፊያ የተከበበ፣ ነዋሪዎቹ የባሪያ ልጆች ልጆች የሆኑ ጥቁሮች። ሴቶቹ ከባሎቻቸው የሥራ ሱሪና ከተቀደደ ሸሚዝ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር፣ ቤቱ ንፋስ ስለሚያስገባ። ድሪቶ በለው። ያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አወጣበት። ይህንን ለእናቴ ስነግራት ምን አለችኝ መሰለሽ? «እነሱ ለራሳቸው ልጆች ነው የሰፉት። አንቺ ለማታውቂው ሰው ነው።» አፌን ያዝኩ።

እውነቷን ነው። ጨርቁ ቁርጥራጭ መሆኑ አልነበረም ያስከፋት። «ለድሃ ይበቃዋል» ተብሎ የተሰፋውን በደንብ ታውቀዋለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ተቀብላዋለች። እኛም ጋ አንዳንድ ሰው ብብቱ ያለቀ ሸሚዝ፣ ነጠብጣብ ያለበት መጋረጃ ያመጣል፣ አሮጊቶቹ ምንም ሳይሉ ወደ መወልወያ ሣጥን ይወረውሩታል። ከዚያ ወዲያ እኔ አንድ ነገር አደርጋለሁ። ሠርቼ ስጨርስ ሶፋዬ ላይ አነጥፈዋለሁ፣ እንግዳ ይቀመጥበታል። እንግዳ ሲመጣ ላነሳው እጄ ከሄደ፣ አልሰጠውም።


እውነቱን ልናገር

እሺ ተሸነፍኩ። ግን ዳይፐርም ይዛችሁ ሂዱ።


የጉለሌዋ

ሰዎች፣ ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሥራ ላይ ነበርኩ።

መጀመሪያ ሄድኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንዳልሽው ኃላፊዋ «ደስ ይለናል» አለችኝ፣ አጣቢዋ ግን ወደ ጓሮ ወስዳ ገመዱን አሳየችኝ። ገመዱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ግራጫና ቡኒ ነው። «ከሩቅ የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ሁሌ ይምታታል፣ ከዚያ ፀብ ነው» አለች። ስለዚህ እያንዳንዱን በተለያየ የማጋደሚያ ቀለም ልሰፋ ተስማማን። የአንዷ ቢጫ፣ የአንዷ አረንጓዴ፣ የአንዷ ሰማያዊ። ጋሼ፣ ያንተ ዘዴ መለያ ሆነልን።

የሴቶቹ ክፍል አምስት አልጋ ነው። አምስት ቀጭን ብርድ ልብስና ሁለት የጭን። ሦስቱ አልቀዋል። ያን እንደ በር የከበደኝን ብርድ ልብስ ፈታሁት፣ ጂንሱን ለብቻው አውጥቼ ለባለቤቴ የመኪና ወንበር አደረግኩለት፣ መራገሙን ትንሽ ቀነስ አድርጓል።

እናቴ መጀመሪያ አልቀረበችም። አራተኛውን ስጀምር መጥታ ከጎኔ ተቀመጠችና ከማዳበሪያው ብጣሽ እያወጣች ለፀሐይ እየያዘች ማየት ጀመረች። ሳሳ ያለውን ወደ ጎን ትጥላለች። ነጠብጣብ ያለበትን ትጥላለች። እኔ «ይሄ እኮ ደህና ነው» ስል «ደህና ነው? እስቲ አንቺ ልበሺው» ትለኛለች። ከአንድ ማዳበሪያ ግማሹን ጣለችብኝ። ከዚያ ሳትነግረኝ ጓዳዋ ገብታ አንድ ነገር ይዛ መጣች፣ የድሮ ቀሚሷ ነው፣ አበባ ያለበት ቀይ ፖፕሊን፣ እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ የማስታውሰው። «ይሄን መሃል ላይ አድርጊው» አለች። ቀዩ ይለቃል ብዬ ፈራሁ፣ አጥቤ በካውያ ነጭ ላይ ጫንኩት። ምንም አልለቀቀም። «ስንት ዓመት ታጥቧል፣ የሚለቀው ካለ ያኔ ለቋል» አለችኝ።

አሁን የቸገረኝ ገበሩ ነው። አቡጀዲ ለሁለት ብቻ ነው የቀረኝ። አሮጌ አንሶላ ያለው ሰው ካለ፣ ነጭ ባይሆንም ግድ የለም፣ ግን እናቴ ታየዋለች፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ።


ሰፊው ከመርካቶ

ከአንድ የመጋረጃ ሥራ የተረፈ ሰባት ሜትር ክሬም ጥጥ አለኝ፣ አንዱ ጠርዝ ላይ የአይጥ ጥርስ አለበት፣ እሱን ቆርጬ እሰጥሻለሁ። ሐሙስ ከሰዓት ሱቅ ነኝ። እናትሽን ይዘሽ ነይ፣ እሳቸው ካላሳለፉት አልሰጥም።